ከዳክዬ ተደበቁ እንጂ ከሰው አትደበቁ!

በዚህ ዐምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ማዲያት ብዙ ተባብለናል። ዛሬ እስቲ ትንሽ ወጣ እንበልና ወደ ባሕር እንውረድ። ወሬያችን በትንሽ ታንኳ ላይ በእጅ ስለሚሠራ ማድፈጫ ነው። ማድፈጫ ያልሁት ሰው ውስጡ ተሸሽጎ የሚቀመጥበትን፣ ከውጭ ላየው ግን የደንገል ቁጥቋጦ የሚመስለውን ከለላ ነው። ለምን ይጠቅማል? ዳክዬና ዝይ ከቅርብ ለማየት። "አሁን በዚህ ኑሮ ዳክዬ ማየት ምን ይሉታል?" የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ግን ታገሡኝ። ነገሩ ከዳክዬው ይልቅ ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው።

ከአይከል ሰው አፍ ስለ ታንኳ መስማትም ሊገርም ይችላል። አይከል የጭልጋ ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ባሕር የላትም። እኛ የአይከል ልጆች ስናድግ የምናውቀው የማሳ ጥበቃ ነው። ማሽላው ሲያሽት ማማ ይሠራል፤ ልጅ ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያስጮኸ ወፍና ዝንጀሮ ይከላከላል። ቆቅና ጅግራ የሚያጠምድ ሰው ደግሞ ቅጠል ተከናንቦ ያደፍጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ማማ የሚሠራው ጠባቂው እንዲታይ ነው፣ ማድፈጫ የሚሠራው ግን እንዳይታይ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ጣና ላይ ጣጣ ውስጥ ይገባል።

ከሚኒሶታ የመጣው ሻንጣ

ነገሩ የተጀመረው በ2012 ዓ.ም ጥር ወር ነው። ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና አንድ ወሩ ነበርና ጎንደር በእንግዳ ተጨናንቃለች። ከውጭ ከመጡት አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይኖራል። ሚኒሶታ ሐይቅ የሞላበት አገር ነው፤ እዚያ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ዳክዬ ማደን ለምዷል። አይከል መጥቶ ሻንጣውን ሲፈታ እኛ ሽቶና ጫማ ስንጠብቅ፣ ቅጠል የታተመበት መረብና ከላይ እስከ ታች ዥንጉርጉር የሆነ ልብስ ወጣ! አክስቴ ልብሱን አንሥታ አገላበጠችውና "ልጄ፣ ውትድርና ገባህ እንዴ?" አለችው።

ሐሳቡን ነገረን። ጎርጎራ ሊወርድ፣ ታንኳ ሊከራይ፣ ከሆነ ዘመድ ጠመንጃ ሊዋስ፣ ከዚያም ዳክዬ አድኖ ሊያበላን!

"ዋ!" አለች አክስቴ። "እግሩ እንደ ከረጢት የተሰፋ ወፍ በኔ ድስት አይገባም።"

እሷ ብቻ አይደለችም። በኛ አገር አብዛኛው ክርስቲያን ቆቅና ጅግራ ይበላል እንጂ፣ ጣቱ በቆዳ የተያያዘ የውሃ ወፍ አይነካም። የጣና ዳር ሰው ዓሣውን ሲያጠምድ ዳክዬው ከአጠገቡ ይዋኛል። (ታዲያ ዳክዬው ሰው ለምን ይፈራል? ትሉኝ ይሆናል። ግማሹ እንግዳ ነው፤ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽቶ የመጣ። በመጣበት አገር ሰው ምን እንደሚያደርገው አሳምሮ ያውቃል!)

ከድስቱ ሌላ ሕግም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ቅጣቱም እስከ እስራት ይደርሳል። "የውሃ ወፍ ባለቤት የለውም" ብሎ ነገር የለም። ጣና ራሱ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የሚገርመው፣ የአክስቴ ልጅ ራሱ ሲያጫውተን አሜሪካም ቢሆን እንደ ልብ አይተኮስም። ከ1934 እ.ኤ.አ ጀምሮ ዳክዬ አዳኝ በየዓመቱ ልዩ ቴምብር መግዛት አለበት፤ በቀን የሚመታው ወፍም በቁጥር የተወሰነ ነው። ድሮ አዳኙ ከውሃው ወለል እኩል ሆኖ የሚያደፍጥባት አንድ ዓይነት ጀልባ ነበረች፤ እሷንም በ1935 እ.ኤ.አ አግደዋታል። ወፉን ፈጀችዋ!

ድስቱም ሕጉም ይቆዩና ዋናውን ልንገራችሁ። ጠመንጃ ይዞ፣ ዥንጉርጉር ለብሶ፣ ደንገል ውስጥ ያደፈጠ ሰው ዳክዬ ፈልጎ ነው ብሎ የሚያምን ማን አለ? እናንተ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም! በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በኛው መሥመር ሰው የሞተበት ግጭት ነበር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በምክር ቤት የጸደቀውም በዚያው የጥምቀት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ያ አገር ብዙ ተኩስ ሰምቷል። እንዲህ ባለ አገር "ዳክዬ ነው የምጠብቀው" የሚል ማብራሪያ የሚሰማው ከተኩስ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ብንነግረው ሊገባው አልቻለም። "አሜሪካ እኮ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለብሰው" ይለናል። ያሳመኑት ጎርጎራ ወርደን ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ ባለ ታንኳ ናቸው። ፊታቸው በጣና ፀሐይ የከሰለ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

"ልጄ፣ በዚች ታንኳ ሰው ጭኛለሁ፣ እንጨት ጭኛለሁ፣ እህል ጭኛለሁ። ጠመንጃ ግን አይሳፈርባትም" አሉት። ቀጥለውም "ብትተኩስባትም የምትወድቀው አንተ ነህ እንጂ ወፉ አይደለም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያቺ ጠባብ ታንኳ ደግሞ ሰው በኃይል ሲያስነጥስ እንኳ ትወዛወዛለች።

የአክስቴ ልጅ ግማሽ ቀን አኮረፈ። ማታ ግን ረጅም ሌንስ ያለውን ካሜራውን ከሻንጣው አውጥቶ "እሺ አባቴ፣ በዚች ይሁን" አላቸው። ሥራው የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሣር ላይ ምስማር!

ታንኳ ስል የሞተር ጀልባ እንዳይመስላችሁ። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ የሚሠራ ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ ደግሞ! የኖርዌዩ ተጓዥ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም አትላንቲክን ሊሻገር የተነሣባት "ራ" የተባለችው ጀልባ ከጣና በተወሰደ ደንገል የተሠራች ነበረች። እሷ ሳትደርስ ብትቀርም፣ በዓመቱ የተሠራችው ሁለተኛዋ ባርባዶስ ገብታለች። የደንገል ጉዱ ውሃ መጠጣቱ ነው። እየዋለ እያደረ ይከብዳል። ለዚህ ነው ባለ ታንኳዎች ሥራ ሲጨርሱ ታንኳቸውን ዳር አውጥተው፣ አቁመው የሚያደርቋት።

ከአይከል አንድ አናጺ ጓደኛዬን ይዘን ወርደን ነበር። ጎበዝ ባለሙያ ነው። መዶሻና አንድ ኪሎ ምስማር ይዞ ሲመጣ ሽማግሌው እስኪያነቡ ሳቁ። "ሣር ላይ ምስማር ልትመታ ነው?" የታንኳ ሥራ ሁሉ እሥራት ነው። ምስማር ደንገል ላይ አይዝም፤ ነዶውን ግን ይበጣጥሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ቀርከሃዎች በታንኳዋ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ በርዝመቷ ይጋደማሉ። እነዚህ መሠረት ናቸው። ገመዱ በታንኳዋ ሆድ ሥር ዞሮ ሁለቱንም ያስራቸዋል። ደንገሉን ወግቶ ገመድ ማሳለፍ ፈጽሞ አይገባም፤ የነዶው እሥር ይላላል። እኛ ሲባጎ ተጠቀምን፤ ሽማግሌው ግን የራሳቸውን ልጥ ነው የመረጡት። ልጥ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል እንጂ አይንሸራተትም አሉ።

ቀጥሎ ከቀጫጭን ሸምበቆ ሁለት ክፈፍ ይሠራል፤ አንዱ ለግራ፣ ሌላው ለቀኝ። የመስኮት መዝጊያ በሉት። የክፈፉ ግርጌ ከመሠረቱ ቀርከሃ ጋር ላላ ባለ ገመድ ይያያዛል፤ እንደ ማጠፊያ ይሆናል ማለት ነው። ራስጌው ሲቆም በአንድ ገመድ ይያዛል፤ ቋጠሮው ደግሞ አንዴ ሲስቡት የሚፈታ መሆን አለበት። ለምን? ሽማግሌው ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ይህንኑ ነው። "ብትገለበጡ በየት ትወጣላችሁ?" ገመዷ ስትሳብ ሁለቱም ክፈፎች ወደ ውጭ፣ ውሃው ላይ ይዘረጋሉ። ሰውየው ነጻ ነው። ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ፣ ጣሪያ ገጥሞ የሚሠራ ማድፈጫ ግን የዓሣ ወጥመድ ነው፤ ሰው ገብቶ የማይወጣበት።

ከፍታው ላይ ከአናጺው ጋር ትንሽ ተጨቃጨቅን። እሱ ቆሞ የሚያስኬድ ነገር ፈለገ፤ እጁ የለመደው ቤት ነዋ! የክፈፉ ከፍታ ግን ታንኳዋ ላይ ከተቀመጠ ሰው ትከሻ ማለፍ የለበትም። ክንድ ተኩል ይበቃል። ከዚያ ባለፈ ሁለት ነገር ይከተላል። ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣና ታንኳዋ ትዋልላለች፤ ነፋስም ሲመጣ ማድፈጫው ሸራ ሆኖ ወደ ማትፈልጉት ቦታ ይወስዳችኋል። የኋላው ክፍት ይሁን፤ ቀዛፊው ይሠራበታል። የፊቱ ላይ ዝቅ ያለ የደንገል ማራገቢያ ነገር ታስሮ ለሌንሱ ቀዳዳ ይተውለታል።

ልባሱ ከምን ይሁን? ነጩ የማዳበሪያ ከረጢት አይሆንም፤ ያብለጨልጫል፣ ሲነኩትም ይንኮሻኮሻል። የቃጫ ጆንያ ነው ደጉ። የባሕሩን ዳር ጭቃ በባልዲ በጥብጣችሁ ጆንያውን ዘፍዝፉት፤ ደርቆ ሲወጣ የቦታውን ቀለም ይዞ ይወጣል። ከሚኒሶታ የመጣው ውድ መረብስ? አቤት መከራው! የታተመበት የደረቀ የዛፍ ቅጠል ነው፤ ለዚያ አገር ጫካ የታሰበ። አረንጓዴ ደንገል መካከል ስናቆመው ከሩቅ ቡናማ ግድግዳ መሰለ። ከጆንያው ሥር ገበር አደረግነው።

በመጨረሻ በጆንያው ላይ ደንገልና ፊላ ጸጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ይታሰራል። አናጺው በልማዱ እኩል እኩል ቆርጦ እንደ አጥር ደረደረው። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩትና "ቤት አትሥራ፣ ጎፈሬ አድርገው!" አሉት። አንዱ ረዘም፣ ሌላው አጠር፣ ሌላው ጎንበስ። በተፈጥሮ ውስጥ ቀጥ ያለ መሥመር የለም፤ ወፉን የሚያስደነግጠው ያ ነው። የታጨደው ቅጠል በማግሥቱ ስለሚጠወልግ በየቀኑ መለወጥ አለበት። ቢጫ ቁጥቋጦ አረንጓዴ መካከል ቆሞ "እዚህ ነኝ" ይላል።

ሲያልቅ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ ፈተናት። ተቀምጠን ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም። ገመዷን ሳብናት፤ ክፈፎቹ ተዘረጉ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ይህን ፈተና ሳታደርጉ ጥልቅ ውሃ እንዳትገቡ።

ዳክዬ እንዴት ያያል?

ብዙ ሰው ልብሱን ቅጠል ካስመሰለ የተደበቀ ይመስለዋል። የዳክዬ ዐይን ግን በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆነ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ሁሉ ያያል። ቀለምም ከኛ በተሻለ ይለያል። ይሁንና ከቀለም ሁሉ በላይ የሚያስበረግገው እንቅስቃሴ ነው። ጭቃ የመሰለ ልብስ ለብሶ እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ይታያል፤ ተራ ልብስ ለብሶ ጸጥ ያለ ሰው ያልፍለታል።

ነጭ ጋቢ ግን ተዉ! ሌሊት ብርዱ ይገርፋልና ጋቢ መደረብ ያምራል፤ ነጭነቱ ግን ከባሕሩ ማዶ ይታያል። ቡናማ ቡርኖስ ያለው እሱን ይልበስ። ነጭ በሚያነጣ ሳሙና የታጠበ ልብስም ለወፍ ዐይን የበለጠ ይጎላል ይባላል። ሌላው የሚረሳው ፊት ነው። ሰማይ ሰማይ የሚያይ ፊት ያበራል። አንገትን ደፋ፣ ሻሽን እስከ አፍንጫ ሳብ ማድረግ ይበቃል።

አቀማመጡንም አስቡበት። ፀሐይዋ ከኋላችሁ ትሁን፤ ወፎቹ ብርሃኑ ውስጥ ያያችኋል፣ እናንተ ግን ጥላ ውስጥ ናችሁ፣ ፎቶውም ያምራል። ዳክዬ ሲያርፍ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባችሁ ከሆነ ወደ እናንተ እያየ ይወርዳል።

ነፋስና ጉማሬ

ጣና ጠዋት ጠዋት መስተዋት ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ነፋስ ከባሕሩ ወደ ዳር ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላማ ማዕበሉ ትልቁንም ጀልባ ያንገላታል። ሽማግሌው ደንባቸው አጭር ነው። ሌሊት 11 ሰዓት መነሣት፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ዳር መሆን። "አንድ ፎቶ ብቻ ቀረኝ" ብሎ ነገር የለም።

ጉማሬው ደግሞ ሌላ ነው። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣና ሲነጋጋ ወደ ውሃ ይመለሳል። ያም ማለት እናንተ ደንገል ውስጥ በምታደፍጡበት ሰዓት እሱ በዚያው ደንገል በኩል ወደ ቤቱ ይገባል! ደንገሉ ተረግጦ እንደ ቦይ የተከፈተበት ቦታ ካያችሁ ያ የሱ በር ነው። በሩ ላይ መቀመጥ ይቅርና አጠገቡም አትድረሱ። ማድፈጫው ላማረበት ቦታ ሳይሆን ጉማሬ ለማያልፍበት ቦታ ነው የሚቆመው። ይህን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ሳይኖር ለብቻ መውጣት ዕብደት ነው።

ተንሳፋፊ ጃኬት ያለው ይልበስ። የሌለው ክዳኑ ጥርቅም ያለ ባዶ ጄሪካን ይያዝ፤ ለአንድ ሰው አንድ። ቢጫውን በጆንያ ሸፍናችሁ፣ በአጭር ገመድ አስራችሁ ከእጃችሁ ሥር አድርጉት። ጣና ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ አይበልጥም ይባላል። ዳር ላይ ግን የሚያሰጥመው ጥልቀቱ ሳይሆን ጭቃው ነው፤ እግር ከያዘ አይለቅም።

ቀዩ ጨርቅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። የጠመንጃው ነገር ቀርቷል። ግን አስቡት፤ ረጅም ሌንስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከደንገል መካከል ሲወጣ ከሩቅ ምን ይመስላል? አዎን፣ አፈሙዝ ይመስላል።

ሽማግሌው ይህን ያወቁት ሌንሱን እንዳዩ ነው። በዋዜማው ማታ ደክሞናል ብለን ስንጋደም እሳቸው በትራቸውን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ የዓሣ አጥማጆቹን ቤት በየተራ አንኳኩ። "ነገ ከንጋት እስከ 4 ሰዓት እዚህ ቦታ፣ እኔ፣ ከነዚህ ከነዚህ ልጆች ጋር ወፍ ፎቶ እናነሣለን። ጠመንጃ የለም" እያሉ ተናገሩ። ጎርጎራ አጠገብ ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ ከባሕሩ ላይ ደግሞ ማንዳባ ገዳም አለ። ወደዚያ አቅጣጫ ካሜራ እንዳናዞር፣ ሳናስፈቅድም እንዳንቀርብ አስጠነቀቁን።

ዥንጉርጉሩን ልብስ አስወለቁት። የአክስቴ ልጅ የአባቱን አሮጌ ቡርኖስ ለበሰ፤ ያማረበትም ያኔ ነው። ከዚያም ሁለት ቀይ ጨርቅ አዘጋጁ። አንደኛው ረጅም እንጨት ላይ ታስሮ ዳሩ ላይ፣ ከኛ ጀርባ ተተከለ፤ ከመሬት በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉ እንዲያየው። እንደ ማማው ማለት ነው፣ እንዲታይ የቆመ። ሁለተኛው ከሽማግሌው ጉልበት ሥር ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ወፉ የዳሩን ጨርቅ አያይም? ያያል። ግን ቦታውን የማይለቅ ነገር ስለሆነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለምደዋል።

የሁለተኛው ጨርቅ ጥቅም ሲነጋ ታየ። ብርሃኑ ገና ሳይጠራ ሁለት ወጣቶች በታንኳ ከደንገሉ ማዶ ብቅ አሉ። የፊተኛው ሌንሱን አየና መቅዘፊያውን አቆመ። "ማነህ አንተ!" አለ፤ ድምፁ የሰላም አልነበረም። አብሮት ያለው ጎንበስ ሲል አየሁት። ምን ሊያነሣ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌው ሳይነሡ፣ ሳይቸኩሉ ቀዩን ጨርቅ ከፍ አድርገው አውለበለቡና በስሙ ጠሩት። ልጁ የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ ማታ ቤታቸው ሄደው ነግረዋቸው ነበር። "ኧረ አባባ፣ እርስዎ ነዎት? ረስቼው እኮ ነው!" ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ የኔ ሳቅ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም። የአክስቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ ሌንሱን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገና ቀስ ብሎ "ጠመንጃ ቢሆን ኖሮስ?" አለ። የመለሰለት የለም።

ሰው ሲቀርብ ዝም ብሎ ማለፉን መጠበቅ ትክክል አይደለም። ቀድማችሁ ተናገሩ፣ እጃችሁን አሳዩ፤ ዳክዬው ቢበር ይብረር። የምትመለሱበትን ሰዓት ዳር ለቀረ ሰው ንገሩ፤ ካለፈ እንዲፈልጋችሁ። ዛሬ መሄድ የምታስቡ ደግሞ ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቁ። መንገዱ ካልሆነ ዳክዬው ለከርሞም ይመጣል።

ያየነውስ? ወጣቶቹ ካለፉ በኋላ ባሕሩ ተረጋጋ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ እንደ እረኛ የሚያፏጩት ዳክዬዎች መጡ፤ ሲበሩም ሲያርፉም ያፏጫሉ። ጅራታቸው ሹል የሆነ፣ ከሰሜን የመጡ እንግዶች ተከተሉ። አፉ እንደ አካፋ የሰፋው ዓይነት ውሃውን እያጣራ በፊታችን አለፈ። የግብፅ ዝይ የሚባሉት ጥንዶች እርስ በርሳቸው ሲጨቃጨቁ ባልና ሚስት ይመስላሉ። ከአሥር እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ነው! አናጺው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። የአይከል ሰው እኮ ወፍ የሚያውቀው በወንጭፍ ሲያባርር ነው። ከላይ ደግሞ የክራክስ መንጋ ከአንገቱ ቀጥ ብሎ እየጮኸ ወደ ደንቢያ ማሳ አለፈ። በአራት ሰዓት፣ ነፋሱ ገና ጫፉን ሲያሳይ፣ ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አነሡ።

እምቦጩን አትጫኑ

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። የጣና ሰሜን ዳር ከ2004 ዓ.ም ወዲህ እምቦጭ ያመሰው ነው። አረንጓዴ፣ ለምለም፣ ተንሳፋፊ ስለሆነ ለማድፈጫ ልባስ ያምራል። "ከዚህ የተሻለ ምን አለ?" ያሰኛል። ፈጽሞ አታድርጉት! ከታንኳ ላይ የወደቀች አንዲት ቁራጭ ግንድ በሌላ ቦታ ትበቅላለች፤ ማድፈጫችሁ እምቦጭ አመላላሽ ይሆናል። ደንገልም ቢሆን ከአንድ ቦታ አትጨፍጭፉ፤ ወፎቹ የሚጠለሉትና ዓሣው የሚራባው እዚያው ነው። ከየቦታው ጥቂት ጥቂት፣ ባለ ታንኳው ከሚያሳዩአችሁ ሥፍራ ብቻ እጨዱ።

ሥራው ሲያልቅ ማድፈጫውን እዚያው ፈታን። ጆንያዎቹን አራግፈን፣ በስፌታቸው የተሰገሰገ ቅጠል እንዳይኖር በጣታችን ለቅመን ዳሩ ላይ አሰጣናቸው። ታንኳዋን ለሦስት አንሥተን ፀሐይ ላይ አቆምናት፤ ውሃው ከነዶዎቹ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። የሸምበቆ ክፈፎቹን ሽማግሌው ለመረብ ማስጫ ወሰዷቸው። አናጺው ምስማሩን ሳይነካው ወደ አይከል መለሰው። የሚኒሶታው መረብም ከኛ ጋር ተመልሶ መጥቷል፤ አክስቴ ዛሬም ድረስ በጓሮዋ የተዘራውን ጎመን ከዶሮ ትከላከልበታለች።